ባህሩዲንና የድርቆሹ ዛፍ

ጋሽ ባህሩዲን ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ማየት አይችልም። አንዳንዱን ሰው ፎቅ ላይ ሲወጣ ያዞረው የለ? እሱን ደግሞ ሰው በር ላይ ሲቆምበት ያዞረዋል። ፊቱ ይቀላል፣ ቀኝ እጁ አየሩን ወደ ቤት ውስጥ መጥረግ ይጀምራል፣ «ግቡ! ግቡ እንጂ! ኧረ በአላህ ግቡ!» ይላል። ማን እንደሆንክና ለምን እንደመጣህ ከበላህ በኋላ ትጠየቃለህ።

ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ቤዝመንታቸው (ምድር ቤታቸው) ውስጥ ሁለት ዓመት ስለኖርኩ የማወራው ያየሁትን ነው። ዕቃ የሚያደርሰው ሰውዬ ሊያስፈርም መጥቶ ሶፋ ላይ ሾርባ ሲጠጣ አግኝቼዋለሁ፤ መኪናው ውጪ ሞተሩ እንደተነሳ። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ጎረምሶች ሃይማኖት ሊሰብኩ መጥተው አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ፣ አሥራ አንድ ሳምቡሳ በሉ፣ መስበኩን ረስተው ሄዱ። መጽሐፋቸውንም ረስተው ነበር። እሱን ሊወስዱ ሲመለሱ ምሳ ደረሰ።

ሰውዬው የደሴ ልጅ ነው። እዚያ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ደንበኛ ሳይገዛ ከወጣ እስከ መናኸሪያ ድረስ ተከትሎ ሻይ ይጋብዝ ነበር አሉ። እዚህ ደግሞ ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ሃውስማን ነው፤ ፎጣ ይሸከማል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ምንጣፍ ያጥባል። «እንግዳ መቀበልህ ትንሽ ቀነስ ይበል» ተብሎ በወረቀት ማስጠንቀቂያ የተሰጠው የሆቴል ሠራተኛ በመላው ሚኒሶታ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ጣጣው የጀመረው በፈረንጆቹ 2005፣ በሃሎዊን ዕለት ነው። በሃሎዊን የፈረንጅ ልጅ የሚያስፈራ ልብስ ለብሶ፣ ሲመሽ ከቤት ቤት እየዞረ ከረሜላ ይቀበላል። አንተ በር ትከፍታለህ፣ ከረሜላ ትሰጣለህ፣ ልጁ ይሄዳል፣ በቃ። ለጋሽ ባህሩ ያልገባው ይቺ «በቃ» የምትባለዋ ነች።

ያን ዓመት ሃሎዊን ረመዳን ውስጥ ገባ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ገበታው ቀርቧል፣ ጋሽ ባህሩ ተምሯን በሁለት ጣቱ ይዞ ሰዓቱን እያየ ነው። ልክ ማፍጠሪያዋ ደቂቃ ላይ በሩ ተደወለ። ከፈተ። አምስት ሕፃናት! አንዱ አፅም፣ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዷ ድመት፣ አንዱ ዱባ። አምስተኛው ልብሱ ተቦጫጭቋል፣ ፊቱ ደም በደም ነው።

«ያ አላህ! ሰኢዳ! ሙቅ ውሃ አምጪ! ልጁ ተጎድቷል!»

ሚስቱ ሰኢዳ ውሃ ይዛ ሮጠች። ደሙ ቀለም ነው። እናቱ ያን ፊት ስትሥል ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል። ጋሽ ባህሩ ግን በሆቴል ሳሙና ሙልጭ አድርጎ አጠበለትና፣ ከሥሩ ደህና ልጅ ሲያገኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል!» አለ። ከዚያ አምስቱንም ደርድሮ አስቀመጠ። በረመዳን፣ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ አምስት የማይታወቁ እንግዶች! ሰው እንዲህ ያለ ዕድል መቼ ያገኛል? ዱባው ወንበሩ ውስጥ አልገባ ስላለው መሬት ተነጠፈለት። ሾርባ ቀረበ፣ ሳምቡሳ ቀረበ። ልጆቹ ይበላሉ፣ ውጪ ወላጆቻቸው በባትሪ ቁጥቋጦ ውስጥ ይፈልጓቸዋል።

ከሦስት ቤት ወዲያ ያለችው ሊንዳ የምትባለዋ ጎረቤት፣ የዚያ የደማው ልጅ እናት፣ ፖሊስ ጠራች። ሁለት ፖሊስ መጣ። በሩ ላይ ቆሙ። እንግዲህ ጋሽ ባህሩ ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ።

ማንም አልታሰረም። አንደኛው ፖሊስ እንዲያውም ሁለት ሳምቡሳ በሶፍት ጠቅልሎ ወጣ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ እዚያ ቤት ሲደርስ የልጁን እጅ ይዞ መንገድ ይሻገራል። ትምህርት ቤት ውስጥ ቤቱ «ከገባህ የማትወጣበት ቤት» ተባለ። ይህ ስም ያረፈው ደግሞ በልጃቸው በሰልሰቢል ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በልደቷ ሰባት ልጅ ጠርታ አንድም አልመጣ። ኬኩን እኔና ጋሽ ባህሩ በላነው፤ እሱ እያለቀሰ፣ እኔ እየደገምኩ።

ሰልሰቢል አማርኛ ትሰማለች እንጂ ከአፏ አይወጣም። አባቷ በአማርኛ ይጠይቃታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እኔ እንዲመቻችሁ ወደ አማርኛ ገልብጬ ነው የምነግራችሁ። በዓመቱ ሃሎዊን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና፦

«ዳድ፣ ዘንድሮ አሥር ልጅ በራችን ላይ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። አሥር ብቻ። ካልመጡ የት እንደምኖር ለማንም አልናገርም። ባስም ከሌላ ሰፈር ነው የምይዘው።»

ጋሽ ባህሩ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «አሥር? መቶ አመጣልሻለሁ! እኔ ራሴ እየዞርኩ እጠራቸዋለሁ!»

«ኖ! ዳድ፣ ኖ! ችግሩ እሱ ነው!» ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «የሚያስፈራ ዛፍ እንሠራለን። ትልቅ አፍ ያለው። ከረሜላው አፉ ውስጥ ይሆናል። ልጆቹ እጃቸውን ከተው ይወስዳሉ። አንተ አትወጣም። በር አትከፍትም። ያቺን ቃል አትላትም።»

«የቷን ቃል?»

«ታውቃታለህ።»

ሰኢዳ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ጋሽ ባህሩ ግን አልሳቀም። በቀስታ «እሺ» አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ የሚቀበልለት ግንድ ሊሠራ ቃል ገባ።

ደግሞ ሥራ ከያዘ ይዟል ነው። በሆቴሉ ሦስተኛው ፎቅ ምንጣፍ ሲቀየር፣ ምንጣፉ የተጠቀለለበትን የካርቶን ቱቦ «ጣሉት» ሲባል እሱ ኮሮላው ላይ አስሮ አመጣው። ቁመቱ ከሰው በላይ ነው። የተበላሸ ቫክዩም ቱቦ ቅርንጫፍ ሆነ፣ የኮት ማንጠልጠያ ሽቦ ተጣምሞ ጣት ሆነ። እንግዶች አንዴ ታጥበውበት የተዉት ትንንሽ ነጭ ሳሙና ጥርስ ሆነ፤ ስለዚህ ዛፉ ከአፉ የአበባ ሽታ ይሸታል። ዓይኑ የኮሮላዋ የድሮ የኋላ መብራት ነው፣ ቀይ። ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ለጥፎ አካሉን አወፈረው።

የቀረው ቅርፊት ነበር። ቡናማ ቀለም ቀባው፤ ግንዱ የክሊኒክ ግድግዳ መሰለ። ሶፋ ጨርቅ አለበሰው፤ ቆሞ የሚሄድ ሶፋ መሰለ። ሰልሰቢል አይታው «ዳድ፣ ይሄ የሚያሳዝን ዛፍ ነው እንጂ የሚያስፈራ አይደለም» አለችው። ያን ቀን እራት አልበላም።

በማግስቱ ማዕድ ቤት ገብቶ ጨው ሲፈልግ አንድ ትልቅ ጆንያ ገጠመው። ሰኢዳ ረመዳንን በሙሉ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ የምትገዛውን እንጀራ፣ የተረፈውን ሁሉ አድርቃ ያጠራቀመችው ድርቆሽ ነው። አንዱን አወጣ። ወደ መስኮቱ ይዞ አየው። ግራጫ ነገር፣ ጫፉ የተጠቀለለ፣ ላዩ ሁሉ የተበሳሳ፣ የተሰነጣጠቀ።

«ሰኢዳ!» ብሎ ጮኸ። «ቅርፊት ስናደርቅ ከርመናል!»

«አንተ ሰውዬ፣ እህል ነው! ግንድ ላይ ልትለጥፈው? ነውር አይደለም?»

«አይጣልም እኮ! ሃሎዊኑ ሲያልፍ ነቅለን ፍርፍር እንሠራዋለን።»

«ሙጫውንስ?»

«ሙጫውም ዱቄት ነው።»

ሰኢዳ ሙጫውን ልትበጠብጥ ተነሳች። አመሻሹን ሙሉ ሲለጥፉ ጆንያውን ጨረሱት። ጓሮ በር ላይ ሲያቆሙት እኔ ራሴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። መቶ ዓመት የቆየ፣ ቆዳው የፈነዳ፣ ቀይ ዓይን ያለው ዛፍ። ሰልሰቢል ዙሪያውን ዞረችው። ከዚያ አባቷን ወገቡን አቀፈችው። ጋሽ ባህሩ ያኔ እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን ጎርነን አድርጎ «ሥራው ተጠናቋል» አለ።

አልተጠናቀቀም። መጀመሪያ እትዬ የትምወርቅ መጡ። ላይኛው ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ የጴንጤ ቸርች ጸሎት መሪ ናቸው፣ ድምፃቸው ማይክ አይፈልግም። ዛፉን ከደረጃው ላይ ሆነው አዩት።

«አንተ ባህሩዲን! ይሄ ምንድነው ደጃችን ያቆምከው?»

«ለልጆች ነው እትዬ። ከረሜላ መያዣ።»

«ከረሜላ መያዣ ቀይ ዓይን አለው?» ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «በኢየሱስ ስም! ፍረስ! ተነቀል! ቅርፊትህ ይራገፍ!»

«እትዬ፣ ብርድ ነው። ገብተው ይጸልዩ፣ ይግቡ።»

ገቡ። ሳሎን ውስጥ ሻይ እየጠጡ አንድ ሰዓት ሙሉ ዛፉን በመስኮት ገሠጹት።

ጠዋት ስንወጣ የዛፉ ግማሽ ቅርፊት የለም! እትዬ የትምወርቅ ደረጃው ላይ በፒጃማ ቆመው «ሃሌሉያ! ፈረሰ!» እያሉ ይዘላሉ። ጋሽ ባህሩ እንኳ ትንሽ ደነገጠ። እኔ ግን ቀና ስል የመብራት ገመዱ ላይ አንዲት ስኩዊረል፣ ያቺ ጭራዋን ፀጉር ቤት ያሠራች አይጥ የምትመስለዋ፣ ድርቆሽ በሁለት እጇ ይዛ እንደ ብስኩት ትቆረጥማለች። ጎኗ ሰባት ስምንት ሆነው ተሰልፈዋል። ዘመድ ሁሉ ጠርታለች።

ሃሎዊን አምስት ቀን ቀርቶታል። ሰልሰቢል ዛፉን አይታ ቦርሳዋን እየጎተተች ወደ ስኩል ባስ ሄደች። ጋሽ ባህሩን ይሄ ገደለው።

መላ ያመጣችው ሰኢዳ ነች። እጅጌዋን ሰበሰበች። ሚጥሚጣ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፤ አንድ ባልዲ አዋዜ በጠበጠች። የተረፈውንም፣ አዲስ እንጀራ አድርቀው የለጠፉትንም ድርቆሽ በቀለም ብሩሽ ከላይ እስከ ታች ቀባችው። «አሁን ይብሉ» አለች። «ብስሚላህ ብለው ይብሉ።» አዋዜው ሲደርቅ ደግሞ ልክ የረጋ ደም መሰለ። ዛፉ ካለፈው አሥር እጥፍ አስፈሪ ሆነ።

ያቺው ስኩዊረል ተመለሰች። አንድ ጊዜ ነከሰች። ቆመች። ጋሽ ባህሩን ዓይን ዓይኑን አየችው፤ «ሰው እንዲህ ያደርጋል?» የምትል ነው የምትመስለው። ከዚያ ቀጥ ብላ ምሰሶው ላይ ወጣች፣ እስከ ጫፍ፣ እዚያም አልበቃት። በረዶ እስኪጥል ድረስ አልታየችም።

እትዬ የትምወርቅ ሲጸልዩ አደሩ። ጠዋት ቅርፊቱ እንዳለ አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄኛው ከባድ ነው። በጾም ነው የሚወጣው» አሉና የዚያን ቀን ቁርስ ተዉ።

ሃሎዊን ደረሰ። ማክሰኞ ነበር፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋሽ ባህሩ ፈረቃውን ከሆርዶፋ፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር ተቀያየረ። ዛፉን ፊት ለፊት በር ጎን አቆሙት፣ ዓይኑን አበሩት፣ አፉን በከረሜላ ሞሉት። ሰልሰቢል የሆቴል ጋውን ለብሳ ዶክተር ሆነች፣ ዛፉ አጠገብ ቆመች። ጋሽ ባህሩ በቃሉ መሠረት ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰኢዳ ለማንኛውም የጃኬቱን ጫፍ በእጇ ጠቅልላ ይዛለች።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች መጡ። ዛፉን አዩ፣ ቤቱን አዩ፣ መንገድ ተሻገሩ። ሌሎች መጡ። ተሻገሩ። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሮጠ።

«ስንት ሆነ?» አለ ጋሽ ባህሩ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለች ሰኢዳ።

«ስንት ሆነ እኮ ነው የምለው?»

«ዜሮ።»

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሰልሰቢል ፈገግታዋን መጀመሪያ በአፏ፣ ኋላ በጥርሷ ብቻ ያዘችው። እጇን ጋውኑ ኪስ ከተተች። ጋሽ ባህሩ በመጋረጃው ቀዳዳ ያያታል። እስቲ አስቡት፤ ሰው ደጃፍ ላይ ሲቆም የሚያመው ሰውዬ፣ ዛሬ በብርድ ደጃፉ ላይ የቆመችው የገዛ ልጁ ነች። ከወንበሩ ግማሽ ይነሳል፣ ጃኬቱ ይስበዋል፣ ይቀመጣል። ይነሳል፣ ይቀመጣል።

ያኔ ነው ከማዶ ሊንዳ አምስት ስድስት ልጅ እየነዳች ብቅ ያለችው። በባትሪዋ መንገዱን እያበራች «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» ትላለች። ከመሃላቸው አንድ የባሕር ወንበዴ ዓይን መሸፈኛ ያደረገ ልጅ ቀስ ብሎ ቆመ። አወቅነው። አምና ፊቱን ያጠብነው ልጇ ነው። ከሰልፉ ወጥቶ ሮጠና ዛፉ ፊት ቆመ።

«ከገባህ የማትወጣበት ቤት ይሄ ነው አይደል?» አላት።

«አዎ» አለች ሰልሰቢል።

«እውነተኛ ዛፍ ነው?»

«አላውቅም።»

ልጁ ከረሜላውን አላየም። ቅርፊቱን በእጁ ቆረሰ፣ አሸተተ፣ ጓደኞቹ እያዩት እንደሆነ አረጋገጠ፣ አፉ ውስጥ ጨመረ። ሁለቴ አኘከ። ቆመ። ልክ እንደ ስኩዊረሏ ሰልሰቢልን ዓይን ዓይኗን አያት።

ከዚያ ጮኸ። ኧረ ጩኸት! ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ሣሩ ላይ ተንከባለለ፣ ዓይን መሸፈኛው ወልቆ በረረ። «ነከሰኝ! ዛፉ መልሶ ነከሰኝ!» ይላል። ከረሜላ ጎረሰ። ቀዝቀዝ ሲልለት ደግሞ ዞር ብሎ ሁለተኛ ቅርፊት ቀረጠፈ።

ሰፈሩ በሙሉ ተገለበጠ። የተሻገረው ሁሉ ተመልሶ ተሻገረ። አፅም መጣ፣ ሙሽራ መጣ፣ ዳይኖሰር መጣ፣ ጭራውን ይዞ። «እኔ ልብላ! እኔ ልብላ!» ሰልፍ ያዙ። ይነክሳሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ከረሜላ ይጎርሳሉ፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄደው እንደገና ይቆማሉ። ሰልሰቢል ዶክተር መሆኗ ጠቀመ፤ የእያንዳንዱን ምላስ በባትሪ እያየች «ትተርፋለህ» ትላቸዋለች። አሥር አለፈ፣ ሃያ አለፈ።

«ስንት ሆነ?» አለ ጋሽ ባህሩ።

«ሃያ ስድስት!» ሰኢዳም ጮኸች።

ሊንዳ እየሮጠች ደረሰች። «ምንድነው ለልጆቹ ያበላችሁት? ምን አለበት?» ማንም ሳይመልስላት ከግንዱ ገነጠለች፣ አሸተተች፣ ነከሰች። የደረሳት የግንዱ ታችኛው ጎን ነበር፤ ሰኢዳ ባልዲዋን የደፋችበት። ሴትየዋ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ ቀጥሎ ዱባ ሆነች። ድምፅ አልወጣትም። በእጇ አፏን ታራግባለች፣ በሩን ታያለች፣ ደጃፉ ላይ ቆማ።

ጋሽ ባህሩ ተነሳ። ጃኬቱ ሰኢዳ እጅ ላይ ቀረ። ከማዕድ ቤት ወተት ቀድቶ በሩን በረገደው። ሊንዳ ፊት ለፊት፣ አንድ እርምጃ ላይ፣ እንባዋ እየወረደ። ቀኝ እጁ አየሩን መጥረግ ጀመረ። ያቺ ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። ያኔ ልጁን አያት። ቃሉን አስታወሰ። በዚያው በቀኝ እጁ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘ፣ በግራው ወተቱን ይዟል፣ ዓይኑ ሊፈነዳ ደርሷል። ጉንጩ በአየር ተነፋ። እውነቴን ነው፣ የሚሞት መሰለኝ።

ሊንዳ እንደምንም ትንፋሽ አገኘችና «እባካችሁ... መግባት እችላለሁ?» አለች።

ሰልፉ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ከገባህ የማትወጣበት ቤት! ጋሽ ባህሩ አፉን እንደያዘ ሰልሰቢልን ብቻ ያያል። ሰልሰቢል ሊንዳን አየች፣ ሰልፉን አየች፣ ወደ ሰማያዊነት እየሄደ ያለውን አባቷን አየች። ከዚያ ቀኝ እጇን ከጋውኑ ኪስ አወጣችና አየሩን ወደ ቤት ውስጥ ጠረገችው፤ ልክ እንደሱ፣ ከትከሻ ጀምሮ። ይህን ግን አልገለብጥላችሁም፣ ከአፏ የወጣው እንዲሁ በአማርኛ ነው፦

«ግቡ! ግቡ እንጂ! ኧረ በአላህ ግቡ!»

ጋሽ ባህሩ እጁን ከአፉ አነሳ። ዓመት ሙሉ ያልተነፈሰ ይመስል ተነፈሰ።

አርባ አንድ ሰው ገባ። ዱባ አምናም ስለነበረ ቦታውን አውቆ መሬት ተቀመጠ። ሊንዳ አንድ ሊትር ወተት ጠጥታ ሳምቡሳ ላይ ስትደርስ «ይሄም ይነክሳል?» ብላ ጠየቀች፤ ትንሽ ይነክሳል ተባለች፤ አራት በላች። እትዬ የትምወርቅ በጾም ደክመው ከፎቅ ሲወርዱ ዛፉ ቅርፊቱ አንድም አልቀረ፤ ካርቶን ቱቦ ብቻ፣ የሳሙና ጥርሱን አግጦ ቆሟል።

«ሃሌሉያ!» ብለው በሩን በረገዱት።

«ሃሌሉያ!» አሉ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ፤ እዚህ ቤት ሲገባ የሚባለው እሱ መስሏቸዋል። እትዬ የትምወርቅ አይተው አይተው፣ ጾሙ ተፈታ አሉና ሰሃን ተቀበሉ።

ሲወጡ ሰልሰቢል በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ አርባ አንዱም ወጡ። የሊንዳ ልጅ ግን የወንበዴ ዓይን መሸፈኛውን ረስቶ ሄደ። ሣሩ ላይ አግኝታ ለአባቷ አሳየችው።

«ነገ ሊወስደው ይመጣል» አለች።

ይህን ብላ ሳትጨርስ ጋሽ ባህሩ ማዕድ ቤት ገብቶ ከሰኢዳ ጎን ሳምቡሳ መጠቅለል ጀምሮ ነበር።